ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፦ እኔ በሳይክል፣ ወንድሜ በሞተር

ታናሽ ወንድሜ ሞተር ይወዳል። እኔ ሳይክል። «አገር ለማየት የቱ ይሻላል?» እያልን ስንት ዓመት ተከራክረናል። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሁለታችንም ፈቃድ አገኘንና ክርክሩን ይዘን ጎጃም መንገድ ወጣን። በፍቼ፣ በዓባይ በረሃ፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ አድርገን ባሕር ዳር። 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስምምነታችን ቀላል ነበር። ቀን ቀን እያንዳንዳችን በየፍጥነታችን እንሄዳለን፤ ማታ አንድ ከተማ እናድራለን።

የሱ ሞተር ቦክሰር 150 ናት። በክፍለ ሀገር ከተሞች በየጥጉ የምትታየዋ፣ በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የምትሄደዋ። የኔ ሳይክል ባለ 26 ጎማ አሮጌ የተራራ ሳይክል ነው። ባለ 29 አዲስ መግዛት እችል ነበር። ግን ከተማ ለቀው ሲወጡ የ29 ካላማዳሪ ማግኘት ጭንቅ ነው። የ26 ግን ጎሚስታው ጋ ቢጠፋ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። ከኋላ በሁለት ቦርሳ ልብስ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ፖምፓ፣ ሙጫና መፍቻ ጫንኩ። ሁሉም ተደምሮ 15 ኪሎ አይሞላም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ከአዲሱ ገበያ የወጣሁት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ወንድሜ ተኝቷል። «ምሳ በልቼ እደርስብሃለሁ» ብሎኛል።

የእንጦጦ ዳገት ገና በጠዋቱ ይፈትናል። ብርዱ ጣት ይቆረጥማል፤ ጀርባዬ ግን ላብ በላብ ሆኗል። ሯጮች በቡድን በቡድን እየሆኑ አለፉኝ። ዳገት ላይ ሯጭ ሳይክል ይቀድማል፤ እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ምን ዓይነት ሯጭ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። አንዷ ሳትዞር እጇን ወደ ላይ አነሳችልኝ። ለረጅም ደቂቃ ያቺ እጅ ጉልበት ሆነችኝ።

ጫፉን ካለፍኩ በኋላ ሱሉልታ ሜዳው ተዘረጋ። ኅዳር የድርቆሽ ወቅት ነው። ሣሩ ታጭዶ እየተከመረ ነበር። ሽታው ከባሕር ዛፉ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ጫንጮ ድረስ አልተለየኝም። በመኪና ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሱሉልታ ሽታ እንዳለው ግን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ወንድሜ ከሙከጡሪ በፊት ደረሰብኝ። ጥሩምባውን አንዴ ነፍቶ እልም አለ። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሙከጡሪ ስገባ ቡናውን ጨርሶ፣ አልጋ ይዞ፣ ታጥቦ ጠበቀኝ። «ወንድምጋሼ፣ እኔ እኮ ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ አሥር ሰዓት ፈጅቶብኛል። ስለ ድርቆሹ ጠየቅኩት። ክምሩን አይቷል። ሽታው ግን ሄልሜቱ ውስጥ አልገባም።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ነጥቡን ሙሉ በሙሉ ለሞተር ሰጥቻለሁ።

ደብረ ሊባኖስ ከዋናው መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ገብቶ፣ ቁልቁል ነው ያለው። ለሳይክለኛ ቁልቁለት ማለት ብድር ነው፤ የወረድከውን ሁሉ መልሰህ ትወጣዋለህ። ብቻዬን ብሆን «ሌላ ጊዜ» ብዬ አልፈው ነበር። ብዙ የሳይክል ተጓዦች ብዙ ነገር የሚያልፉት በዚህ ሰበብ ነው። ወንድሜ መገንጠያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሳይክሌን ሱቅ በር ላይ አደራ ብዬ ከኋላው ተፈናጠጥኩ።

ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ደረስን። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ለበዓል የመጡ ምእመናን ተረሽነዋል። ያን የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም። እኛም ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ ከገደሉ አፋፍ በፖርቱጋሎች ስም ወደሚጠራው የድንጋይ ድልድይ ሄድን። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ይበላሉ። ከአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ተቀመጥን፤ ግድም አልሰጣቸው።

ሁሉም ነገር ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደ። በሳይክል ቢሆን ቀኑ ሙሉ እዚያው ያልቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከፍቼ ወደ ገብረ ጉራቻ ስሄድ ነፋሱ ከፊት ነበር። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከሩቅ ያዩኝና ወደ መንገዱ ይሮጣሉ። «ጃባዱ!» ይሉኛል። በኦሮምኛ «በርታ» ማለት ነው። አንዱ በባዶ እግሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር አብሮኝ ሮጠ። ማታ ለወንድሜ ነገርኩት። «ለኔም እጃቸውን ያውለበልባሉ» አለኝ። «ምን ይሉሃል?» ስለው ትንሽ አሰበ። «አይሰማኝም» አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ዓባይ በረሃ። ስለዚህ ቀን ብዙ መጻፍ አለብኝ።

ገብረ ጉራቻን በጠዋት ለቅቄ ጎሐ ጽዮን ሦስት ሰዓት ላይ ቁርስ በላሁ። ከዚያ መሬቱ ያልቃል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከወንዙ እስከ ደጀን ደግሞ ያንኑ የሚያህል ሽቅብ። ሁለቱ አንድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ።

ቁልቁለቱ እረፍት የሚመስለው ላልወረደው ነው። የኔ ሳይክል ፍሬን ቸርኬውን በጎማ ጨብጦ የሚያቆም ዓይነት ነው። ያለማቋረጥ ከያዝከው ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ካላማዳሪው ይገባል፤ ካላማዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር እወርዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። አስፋልቱ ደግሞ በከባድ መኪና ተጨምቆ እንደ ሊጥ ተጎርብጧል። አንድ ቦታ ትልም ሠርቷል፤ ሌላ ቦታ ጉብ ብሏል። ጎማህ ትልሙ ውስጥ ከገባ መንገዱ ወደፈለገበት ይወስድሃል። ከኋላ የተሳቢው ፍሬን የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። በቆምኩ ቁጥር ግን ገደሉን አየሁ። ድርብርቡ ድንጋይ ቀለሙን እየቀያየረ ይወርዳል፤ አየሩም በየደረጃው ይሞቃል። ሹራቤን ያወለቅኩበትን ቦታ አስታውሳለሁ። ጃኬቴን ያወለቅኩበትንም።

ወንድሜ ይህን ሁሉ በሁለተኛ ማርሽ ወረደው። ማርሹ ራሱ ሞተሩን ይይዘዋል፤ ፍሬን የነካው በየጠመዝማዛው ብቻ ነው። ድልድዩ ጋ ስደርስ ጥላ ፈልጎ ተቀምጧል።

ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን አሉ። አሮጌው የቅስት ድልድይ ነው። አዲሱ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው፣ በገመድ የተወጠረው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ነው። እዚያ ጠባቂ ነበር፤ ፎቶ ማንሳት አይቻልም ነበር፤ መቆምም አይበረታታም ነበር። ወንድሜ በሞተር በግማሽ ደቂቃ ተሻገረው። እኔ ከሳይክሌ ወርጄ እየገፋሁ ተሻገርኩ። ዓባይ ከክረምቱ ጎደል ብሏል፤ ቀለሙ ግን ገና አፈር ነው። ከወሎም ከደቡብ ጎንደርም ከምሥራቅ ጎጃምም የታጠበ አፈር ነው ብዬ አሰብኩ። የምገባበት የጎጃም መሬት ከበታቼ እየሄደ ነው።

ዳገቱን የጀመርኩት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ይህ ስህተት ነበር። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ከላይ፣ አስፋልቱ ከታች ይጠብሳሉ። በመጨረሻዋ ቀላል ማርሽ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ። ማርሿም ትዘላለች፤ ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ እዚያ ዳገት ላይ ነው መታመም የጀመረው። አንድ ሲኖትራክ ቀስ እያለ አለፈኝ። የኋላውን ብረት ይዤ ብጎተት ማን ያየኛል? እጄን ሰነዘርኩና መለስኩት። እንዲህ ተንጠልጥለው የሞቱ ልጆችን ወሬ ብዙ ሰምቻለሁ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የውኃ ኮዳ ወረወረልኝ።

ኩራር አካባቢ ከመንገዱ ዳር አንዲት እናት ጎጇቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው አዩኝ። «ና አረፍ በል» አሉኝ። ከጀሪካን ውኃ ቀዱልኝ። ልነሳ ስል በእጃቸው መለሱኝ። «ልጄ፣ ፀሐይዋ እስክትበርድ ተቀመጥ። ዳገቱ የትም አይሄድም።»

ተቀመጥኩ። የተቆላ ሽምብራ ሰጡኝ። ከየት መጣህ፣ አባትህ አሉ ወይ፣ ልጅ ወልደሃል ወይ፣ ሁሉንም ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ እያዩ፣ «ያ የሞተሩ ልጅ ሦስቴ ተመላለሰ። ምን ጠፍቶት ነው?» አሉኝ።

የጠፋውስ እኔ ነኝ። ወንድሜ ደጀን ደርሶ፣ አልመጣ ስለው ሊያየኝ እየወረደና እየወጣ ነበር። ታናሼ ነው አልኳቸው። «ታዲያ ለምን አያዝልህም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ድረስ የረባ መልስ የለኝም።

አራተኛው ላይ አየኝና ቆመ። ሞተሯም በዳገቱ ከከባድ መኪና ኋላ በአንደኛ ማርሽ ስትጎተት ግላለች፤ ነፋስ ካላገኘች አትበርድም። እሳቸው ለሱም ውኃ ቀዱለት። በዚያ በረሃ ሦስት ጊዜ በደጃቸው ያለፈ ልጅ ነው፤ ውኃቸውን የቀመሰው ግን እኔ እዚያ ስለተቀመጥኩ ነው። ይህን እሱ ራሱ ነው ማታ ያነሳው። እኔ አልተናገርኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። ግማሹን ነዳሁ፤ ግማሹን ገፋሁ። ደጀን የገባሁት ጨለማው ሲይዝ ነው። እግሬን ሳልታጠብ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ወንድሜ አየኝና የሞተሩን ቁልፍ ወረወረልኝ። «ዛሬ እንቀያየር።»

እስከ ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ሞተር መንዳት እችላለሁ፤ ረጅም መንገድ ግን ነድቼ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አልረሳቸውም። ትናንት በላብ የገዛሁትን ርቀት ዛሬ እጄ በትንሽ ጠመዛ ትሰጠኛለች። የትኖራን አለፍኩ። ጤፉ ደርሷል፤ ግራና ቀኙ ቢጫ ነው፤ ነፋስ ሲመታው እንደ ውኃ ይተኛል። በሳይክል አንድ ማሳ ነው የምታየው። በሞተር አገሩን አንድ ላይ ታየዋለህ፤ ሜዳው እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ሰማዩ እንዴት እንደሚሰፋ። ይህ ደስታ እውነተኛ ደስታ ነው። ወንድሜን ለዓመታት «አንተ መንገድ እንጂ አገር አታይም» ስለው ኖሬያለሁ። ይቅርታ ይገባዋል፤ ጠይቄዋለሁም።

ፍርሃቱም ሌላ ነው። በሳይክል የምትፈራው ከኋላህ የሚመጣውን ነው። በሞተር የምትፈራው ከፊትህ የሚገባውን። ሉማሜ አጠገብ አንዲት አህያ ከነሸክሟ ወደ መንገዱ ገባች። በ70 ነበር የምሄደው። ፍሬን ያዝኩ፤ የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፤ ለጥቂት ተረፍን። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም። ጤፉንም አላየሁም። ሰው ሰላም ቢለኝም አላወቅኩም።

ደብረ ማርቆስ ከሦስት ሰዓት በፊት ገባሁ። ቡና ጠጣሁ። ጫማ አስጠረግሁ። ምሳ በላሁ። ብቻዬን ነበርኩ። ወንድሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሏል፤ ጥርሱ አይከደንም። «ወንድምጋሼ! አይዞህ ያላለኝ ሰው የለም!» አለኝ። አንዲት ልጅ ሸንኮራ ሰጥታዋለች። አንድ ገበሬ ከአውድማው ጠርቶ ጠላ አጠጥቶታል። በሞተር በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ሄዷል። «አይዞህ» ያለው ሰው ግን አልነበረም። ለሞተረኛ ማን አይዞህ ይላል? ምን ጎደለውና?

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ከተማው በጭስ ነቃ። በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ነው። ልማዱ የኅዳር በሽታ ከተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጀምሮ የመጣ ነው ይባላል፤ በሽታው የገባው በ1911 ዓ.ም. ነበርና ዘንድሮ ልክ መቶ ዓመቱ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። ወንድሜ ሞተሩን አጥፍቶ ገፋ። እኔም ሳይክሌን ገፋሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእኩል ፍጥነት ሄድን።

ወደየራሳችን ተመልሰናል። የሱ ችግር ቤንዚን ሆነ። ሁለት ማደያ ዞረ፤ የለም። መጨረሻ ላይ በሃይላንድ ኮዳ ከሚሸጥ ልጅ ገዛ፤ ዋጋውም የማደያው አይደለም። እኔ ሁለት እንጀራ በሽሮ በላሁና ሞላሁ።

ደምበጫ ልንገባ ስንል የፍሪሲዮኑ ገመድ ተበጠሰ። እስከ ከተማው ገፋት። ከመቶ ኪሎ በላይ የምትመዝን ነገር መግፋት ሳይክል እንደመግፋት አይደለም። ይሁን እንጂ ደምበጫ ውስጥ አንድ ወጣት መካኒክ የቦክሰር ገመድ ከመደርደሪያ አውርዶ በ20 ደቂቃ ውስጥ ቀየረለት። እኔስ? ካምቢዮዬ ከዓባይ ጀምሮ እንደታመመ ነው። ያ መካኒክ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ፍኖተ ሰላምም እንዲሁ። «ባሕር ዳር ሂድ» አሉኝ። ሳይክል ቀላል ነው፣ የትም ይጠገናል ይባላል። ጎማው አዎ፣ ካቴናው አዎ። ካምቢዮው ግን አይደለም። እዚህ መንገድ ላይ መለዋወጫው በየከተማው ያለው ለሞተር ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ከፍኖተ ሰላም በቡሬ በኩል እንጅባራ። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ይወጣል። ቀላሏን ማርሽ አጥቻለሁና ዳገት ሲመጣ እወርዳለሁ።

አዊ የፈረስ አገር ነው። አንድ ሽማግሌ በፈረስ ከጎኔ ሆኑ። ፈረሳቸው ሶምሶማ፣ እኔ ፔዳል። እኩል ነን። ስለ ፈረሱ ዕድሜ፣ ስለ ድንቹ ዋጋ፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት አወሩኝ። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል አብረን ሄድን። ሲለዩኝ፣ «ያንተዋ ገብስ አትበላም፤ ግን አንተን ትበላሃለች» አሉኝ። ወንድሜ ከኋላ መጥቶ ፍጥነቱን ቢቀንስም ፈረሱ ከሞተሩ ድምፅ ደነገጠ። እጁን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀና አለፈ።

ዘንገና ሐይቅን አብረን አየን። ዙሪያው ደን፣ መሐሉ ክብ፣ ጥቁር ሰማያዊ ውኃ። ማታ የእንጅባራ ብርድ ብርድ ልብስ ደርቦ አስተኛን።

አርብ፣ ኅዳር 14

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። ዛሬም አርብ ነው፤ ስለዚህ ቅበላው ትናንት ማታ በጥብስ አልፏል።

እስከ ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር አለ፤ ግን አገሩ ይወርዳል። አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ። ቀኑን ሙሉ ሄድኩ። መራዊ ስደርስ የቆጋ መስኖ አረንጓዴ ገና ይታያል፤ ፀሐይዋ ግን ልትገባ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል፤ መብራቴም ደካማ ነው። ያንን መንገድ በጨለማ በሳይክል መሄድ አልፈልግም ነበር።

ወንድሜ መራዊ ላይ እየጠበቀኝ ነበር። ምንም አላለም። ከኋላዬ ሆነ፣ መብራቱን አበራ፣ በዝቅተኛ ማርሽ እያዘገመ ተከተለኝ። የሱ ብርሃን የኔን ጥላ ከፊቴ አስፋልቱ ላይ ዘርግቶ ያሳየኛል። ከኋላ የሚመጣ መኪና ሁሉ እሱን አይቶ ይዞራል። በሰባት ቀን ውስጥ ከኋላዬ የሚመጣውን ያልፈራሁት ያን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። እሱም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ነዳ። የጥንጁት ጭስ ሸተተኝ፤ ከኋላ ጮክ ብሎ፣ «ሸተተህ?» አለኝ። ሄልሜቱን ከፍቶታል።

ባሕር ዳር ስንገባ ጎዳናው በሳይክል ተሞልቷል። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ዳቦ የሚያደርሰው፣ ሁሉም በሳይክል።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ወንድሜ ሰኞ ሥራ ስላለው ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ሄደ። እኔ ካምቢዮ ፍለጋ ቀረሁ። ሳይክል ሠሪው ገና ሲያየው ምን እንደሆነ አወቀ፤ ያገለገለ አንድ አወጣና ከሰዓት በፊት ገጠመልኝ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ደወለ። እኔ በሰባት ቀን የሄድኩትን በአንድ ቀን ጨርሶ ቤት ገብቷል። ድምፁ ደክሟል።

«የቆየሁት ኩራር ስለቆምኩ ነው» አለኝ። «ከደጀን ስኳርና ቡና ገዝቼላቸው ነበር። አስቀምጠውኝ ሽምብራ ቆሉልኝ።»

«ምን አሉህ?»

«ሄልሜቴን እስካወልቅ አላወቁኝም። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ ‹ያኛው ልጄስ ደረሰ?› ብለው ነው።»